ክፍት መሬት ያልኩት ባድማ

በሽኝቴ ቀን አለቃችን ተነስቶ «ወይዘሮ ትርንጎ ስህተት የማታውቅ ባለሙያ ነበረች» አለ። ሰው አጨበጨበ። ጋቢ አለበሱኝ፣ በመስታወት የታሸገ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፣ ለስላሳ ጠጣን። እኔ ግን ያቺ «ስህተት የማታውቅ» የምትለው ነገር አልተዋጠችልኝም። ሰውየው ክፉ አይደለም። ወደ መሥሪያ ቤታችን ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሰማውን ነው የተናገረው። እዚያው ተነስቼ ላርመው አሰብኩና ድግስ ማበላሸት መስሎኝ ተውኩት። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን ሳጥፍ ዝም ማለቴ አናደደኝ። ስለዚህ በጽሑፍ ልመልስለት ነው፤ እንጀራዬም መጻፍ ነበርና።

የተወለድኩት ጎንደር፣ ቁስቋም ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፣ ቅኔ ያስተምሩ ነበር። እኔ ሴት ስለሆንኩ ጉባኤው መሀል አልተቀመጥኩም እንጂ ከደጅ ሆኜ የለቀምኩት ቀላል አይደለም። አባቴ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ሲያገኙ ምሳቸውን ይረሱ ነበር። ኅብረ ቃል ይሉታል። አንዱን ቃል እንደ ጋቢ እየገለበጡ፣ ይህን ፊቱን እዩት፣ ያንን ጀርባውን እዩት፣ እያሉ ከተማሪዎቻቸው ጋር ይውሉ ነበር። በእሳቸው ቤት ሁለት ትርጉም ሀብት ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የፈጀሁት ያንኑ ሁለት ትርጉም ከወረቀት ላይ ሳባርር ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ታይፕ ተማርኩና የመጀመሪያ ምድቤ ሳንጃ ሆነ፣ የወረዳው ፍርድ ቤት ጸሐፊ። ከጎንደር ብርድ ወጥቶ ሳንጃ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ሚያዝያ ላይ የታይፑ ብረት ራሱ እጅ ያቃጥላል። ስለ ደመወዙ አላወራም፣ ለማውራትም አይበቃም። የሰሊጥ መሬት ክርክር ነበር ሥራችን። ሁለት ወንድማማቾች «እስከ ወንዙ» በሚል የድሮ ውል ለዓመታት ሲካሰሱ እኔ ነበርኩ ቃላቸውን የምጽፈው። ወንዙ ይጨመራል ወይስ አይጨመርም? ውሉን የጻፈው ሰው ሞቷል። ወንድማማቾቹ በመጨረሻ በአባታቸው ተዝካር ላይ እንኳ አብረው አልተቀመጡም። አንዲት «እስከ» ያደረገችውን ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

በኋላ ወደ ጎንደር ተዛወርኩ፣ ወደ ባህልና ቅርስ ሥራ። ሕግ የማርቀቅ ሙያን ያስተማሩኝ እዚያ ያገኘኋቸው ጋሽ በዛብህ ናቸው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሁልጊዜ የቦርሳቸው ዚፕ የተበላሸ ሰው ነበሩ። «አንቺ የመሪጌታ ልጅ» ነበር የሚሉኝ፣ እስከ መጨረሻው። ረቂቅ ጽፌ ስወስድላቸው አያነቡትም። «ለሙላት አንብቢለት» ይሉኛል። ሙላት የበራችን ዘበኛ ነው፤ ከዳባት አካባቢ የመጣ፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ ነገር ግን ጆሮው የማይሰንፍ ሰው። በር ላይ ቆሜ አንቀጹን አነብለታለሁ፤ እሱ የገባውን በራሱ አፍ ይነግረኛል፤ እኔ እሱ ያለውን ጽፌ እመለሳለሁ። ጋሽ በዛብህ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያደርጉና ከተለያዩ «ሙላት አልተሳሳተም፤ አንቺ ነሽ» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን ንቀት መስሎኝ አልቅሻለሁ።

አንድ ጊዜ ቀሐ ወንዝ ዳር ስላለው የፋሲል መዋኛ መመሪያ እያረቀቅን ነበር። እኔ በኩራት «ማንኛውም ሰው ወደ ገንዳው መግባት ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩ። ለሙላት አነበብኩለት። ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና «ታዲያ ጥምቀት ቀረ ማለት ነው?» አለኝ። ጸበሉ ተባርኮ ወጣቱ ሁሉ ውኃው ውስጥ የሚዘልበትን ቀን፣ በዚሁ ከተማ ተወልጄ፣ ረስቼው ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ «ከግንቡ አጠገብ ቤት መሥራት አይፈቀድም» አልኩ። «አጠገብ ማለት ምን ያህል ነው?» ብዬ ብጠይቀው አሰበና «ድንጋይ ወርውሬ የምመታው» አለኝ። ጋሽ በዛብህ ሲስቁ እንባቸው መጣ። ወዲያው ግን ቀይ እርሳሳቸውን አንስተው «አጠገብ» የሚለውን ሰረዙና «ሙላት ክንዱ ብርቱ ነው፤ ለደካማውም የሚሠራ ልኬት አምጪ» አሉኝ። ሙያውን እንዲህ እንዲህ እያልኩ ተማርኩት።

ጋሽ በዛብህ ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። የረቂቅ ቡድኑ ኃላፊነት ወደ እኔ መጣ። ከዚያ ነው ትልቁ ሥራ የመጣው፣ የሰሜን ጎንደርን ደጋ ጥብቅ የቅርስ ቀጠና የሚያደርገው አዋጅ። የድሮ ድልድዮች፣ የቤተ ክርስቲያን ደኖች፣ ፍርስራሾች፣ የቀድሞ ሰፈሮች፣ ሁሉም በአንድ ወሰን ውስጥ ገብተው፣ ማን እንደሚጠብቃቸው፣ ማን ምን መሥራት እንደሚችል በሕግ ሊደነገግ ነው። አዋጁ ራሱ ጥቂት ገጽ ነው። ከባዱ አባሪው ነበር፤ እያንዳንዱ ቦታ በስሙ የሚዘረዘርበት ሠንጠረዥ። እዚያ የተጻፈ ይጠበቃል፣ ያልተጻፈ አይጠበቅም። ገበሬው ድንጋይና መንገድ ስለሚያስፈልገው ደግሞ አንድ አንቀጽ ጨመርን፤ በአባሪው «ክፍት መሬት» ተብሎ የተመዘገበ ቦታ ለልማት ሊውል ይችላል የሚል። ያን አንቀጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ቢሆን አስፈላጊ ነበር እላለሁ።

ቦታ ለቦታ ስንዞር ከዳባት ወዲያ ወይራ አምባ ከሚባል ሰፈር ደረስን። ቤት የለም። የፈራረሰ የድንጋይ ካብ፣ የሸክላ ስብርባሪ፣ የቀጥቃጭ ምድጃ የነበረበት ጥቁር አፈር፣ ከዚያ ወዲያ ተዳፋቱ ላይ የድንጋይ ክምር ክምር። አጠገቡ የሚያርሱ ሽማግሌ መጡ፣ አያ ዋሴ ይባላሉ።

«አያ ዋሴ፣ ይህ የማን ነው?» አልኳቸው።

«የነዘርፌ ባድማ ነዋ» አሉኝ፣ እንዴት አታውቂም በሚል ድምፅ።

ዘርፌ ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ ባሏ ብረት ቀጥቃጭ። ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ወደ እስራኤል ሲሄድ እነሱም ሄዱ። ክምር ድንጋዩ መቃብራቸው ነው። ዘርፌ ልትሄድ ስትነሳ እናቷን ከቀበረች ገና ወር አልሞላትም ነበር፤ የአያ ዋሴን ጉልበት ይዛ «እናቴን አደራ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ትደውላለች፤ ዝናቡ እንዳይወስደው ትሰጋለች። «ድንጋዮቹ አሉ?» ትላለች። «አሉ» ይላሉ። ሌላ ወሬ ያን ያህል የላቸውም አሉኝ። ከዚያም የእናቲቱን መቃብር በእጃቸው አሳዩኝ፤ ከሌሎቹ አነስ ያለ ክምር ነው።

«አሁን ሕጉ ከገባ እኔ ብሞትም ይጠበቃል ማለት ነው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው። ይህን «አዎ» በአፌ ብያለሁ።

በማስታወሻዬ ላይ «ወይራ አምባ — ባድማ» ብዬ ጻፍኩ። «የባለይዞታ ስም» የሚለውን ሳጥን ሰረዝ አደረግሁበት፤ ሳጥኑ የመሬት ደብተር ያለውን ሰው ነው የሚጠይቀው፣ ዘርፌ ደብተር የላት። ከዚያ ሌላ ቦታ፣ ከዚያ ሌላ። ወር ከምናምን ዞረን ጎንደር ስንገባ የማስታወሻ ክምር ይዤ ነበር። የምክር ቤቱ ጉባኤ ተቃርቦ ነበርና «ቃላቱን ወጥ አድርጋችሁ አቅርቡ» ተባልን። ጠፍ የሚለው፣ ወና የሚለው፣ ባዶ የሚለው፣ ሁሉም አንድ ስያሜ ይያዝ ተባለ። ተቀመጥኩና አንድ በአንድ አስተካከልኩ። ወይራ አምባ ላይ ደረስኩ። ባድማ። የባለይዞታ ስም፣ ሰረዝ።

እዚህ ላይ የአባቴ ልጅ ሆንኩ። በአባቴ ቤት ባድማ ማለት በድው ነው፤ ሰው የራቀው፣ ጠፍ የሆነ ምድር። መጽሐፍ ላይ «ባድማ ሆነች» ሲል እንዲያ ነው። አያ ዋሴ ግን ባድማ ያሉት ገበሬ ሁሉ እንደሚለው ነው፤ የአባት አገር፣ እትብት የተቀበረበት፣ ሰው ቢርቅም የሰው የሆነ። ቃሉ አንድ ነው። በእጄ ከጻፍኩት ቃል ሁለቱን ፊት ገልብጬ ማየት የተማርኩት እኔ፣ አንዱን ብቻ አየሁ። «ነዋሪ የሌለው ክፍት መሬት» ብዬ ጻፍኩ። ወደሚቀጥለው ቦታ አለፍኩ።

ለሙላትም አላነበብኩለትም። አባሪው ረዥም ነው፣ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ጊዜ የለም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ኃላፊ ከሆንኩ ወዲህ በር ላይ ቆሞ ለዘበኛ ማንበብ አሳፍሮኝም ነበር። አዋጁ ጸደቀ፣ ታተመ፣ እኔም ተመሰገንኩ።

በቀጣዩ ዓመት በጋ ላይ ከወረዳው ስልክ ተደወለልኝ። አንድ ሽማግሌ ስሜን እየጠሩ ቢሮ በር ላይ ተቀምጠው አልነሳም ብለዋል አሉኝ። መኪና ለምኜ ሄድኩ። ወይራ አምባ ስደርስ ዶዘር ተዳፋቱን ከላይ ጀምሮ ይገፋል፣ ወዲያ ማዶ የጠጠር መፍጫ ተተክሏል። ለመንገድ ሥራ ነው። የላይኛው ግማሽ መቃብር የለም። አነስ ያለችው ክምር የነበረችበት ቦታ ቀይ አፈር ሆኗል።

ሥራውን የሚመራው መሐንዲስ ወጣት ነበር፣ ጨዋ ልጅ። እንደምጮህበት ገብቶት ባርኔጣውን አወለቀ።

«እትዬ፣ እኛ ሕግ አክብረን ነው የገባነው» አለና ከመኪናው ወረቀት አመጣ። የእኔን አዋጅ። አባሪውን ገልጦ ጣቱን አሳርፎ አነበበልኝ፤ «ወይራ አምባ፣ ነዋሪ የሌለው ክፍት መሬት።» ቀና አለና «ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምን አለ?» አለኝ።

ምንም አልነበረም። ሸጋ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ማንም ሊሳሳትበት አይችልም። «አቁሙ» አልኩት። «የሚያስቆመኝን ወረቀት ይስጡኝና አቆማለሁ» አለኝ፤ ትክክል ነበር። ያን ወረቀት በደጅ ጥናት አስወጥቼ እስክመለስ ቀናት አለፉ። የታችኛው ግማሽ ተረፈ።

ያን ቀን ከመሄዴ በፊት አያ ዋሴን ፈልጌ አገኘኋቸው። ለዶዘሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ካብ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምነው ልጄ?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። «እኔ ምን በደልኩሽ?»

ሁለተኛ ቃል አልተናገሩኝም፤ ለዓመታትም አልተናገሩኝም። ጎንደር ተመልሼ ለሙላት ነገርኩት። ሰማኝና «ወይራ አምባ? እሱ የነዘርፌ ባድማ አይደል እንዴ?» አለኝ። ብታነብልኝ ኖሮ አላለኝም። ሙላት እንዲያ ዓይነት ሰው አይደለም።

ብዙ አሰብኩበት። ቃል ተምታቶብኝ ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ግማሽ እውነት ስለሆነ ያጽናናል። ሌላው ግማሽ ግን ከዚያ በፊት የተጀመረ ነው። በልጅነቴ ቤታችን የነበረው ድስት፣ ጀበና፣ ጋን ሁሉ ቤተ እስራኤላውያን የሠሩት ነበር። ሸክላቸውን ከመሬት ላይ እናነሳለን እንጂ ከእጃቸው አንቀበልም። ሳንቲሙንም መሬት ላይ እናስቀምጥላቸዋለን። ማንም ይህን ክፉ ነገር ነው ብሎ አላስተማረኝም፤ የሚያሳፍር መሆኑ የገባኝ አድጌ ነው። የአንዱ ካህን መቃብር ቢሆን ኖሮ ሳጥኑ ላይ ሰረዝ አድርጌ አላልፍም ነበር፤ ቆሜ እጠይቅ ነበር። «ስህተት የማታውቅ» ላለኝ ሰው መልሴ ዋናው ይህ ነው።

ማሻሻያውን ለማስገባት የቀረኝን የሥራ ዘመን ፈጀሁ። መንገዱ አንዳንዴ ክፍት፣ አንዳንዴ ዝግ ነበር፤ ስብሰባውም እንደዚያው። አንድ አባል «ሙታን እንደ ነዋሪ ይቆጠራሉ እንዴ?» ብሎ ሲያሾፍ ተነስቼ ተናገርኩ፤ ያን ቀን ድምፄን ከፍ ማድረጌን አልክድም። በመጨረሻ በትርጓሜው አንቀጽ ላይ አንድ ቃል ተጨመረ። ረቂቁ ወደ ምክር ቤት ከመሄዱ በፊት ግን ይዤው ወይራ አምባ ወጣሁ። የአካባቢውን ሰው አሰባሰብኩና በዚያ በፈራረሰው ካብ ላይ ቆሜ፣ ጋሽ በዛብህ እንዳስተማሩኝ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩ። አያ ዋሴ ከኋላ፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ ቆመው ነበር።

«ባድማ ማለት፣ ነዋሪው በሞት ቢለይ ወይም አገር ለቆ ቢሄድ፣ የትውልዱ መነሻና የሙታኑ ማረፊያ በመሆን በሰዎቹ ስም የሚጠራ ቦታ ነው፤ ክፍት መሬት ተብሎ አይመዘገብም።»

«እስቲ ድገሚው» አሉ አያ ዋሴ። ደገምኩት።

«እንግዲህ» አሉኝ፣ «ቀድሞም እንዲህ ነበር ያልኩሽ።»

ማሻሻያው ጸደቀ፣ እኔም ጡረታ ወጣሁ። ከሽኝቱ በሁለተኛው ሳምንት በአውቶቡስ ተሳፍሬ የታተመውን ሕግ ይዤላቸው ሄድኩ። አለቃ የላከኝ አይደለሁም፣ አበልም የለኝ። አያ ዋሴ በጣም አርጅተዋል። ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡትና መለሱልኝ።

«ለኔ ምን ያደርግልኛል፤ እኔ የሰማሁትን ሰምቻለሁ። ለሷ ንገሪያት» አሉኝ።

በፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠ ስልክ ከብብታቸው አወጡ። ከዶዘሩ ወዲህ ሦስት ክረምት አልፏል፤ ሦስቱንም ጊዜ ሲጮህ አላነሱትም። «አሉ» እንዳይሉ ውሸት ነው፣ «የሉም» እንዳይሉ አደራ በልተዋል። አዙሬ ደወልኩ። ወዲያው ተነሳ።

«አያ ዋሴ! ምነው ጠፋህ? ሞቷል ብዬ አለቀስኩ እኮ» አለች። ድምጿ የአሮጊት ነው፣ አነጋገሯ ግን አሁንም የአገሯ የወገራ።

«አያ ዋሴ ደህና ናቸው፣ አጠገቤ አሉ» አልኳት። «እኔ ትርንጎ እባላለሁ፣ ከጎንደር ነኝ።»

«ድንጋዮቹ አሉ?» አለችኝ።

«ግማሾቹ አሉ።»

«የእናቴስ?»

ስንት ዓመት የጻፍኳቸው አባባሎች ሁሉ መጡብኝ፤ በከፊል፣ እንደ ሁኔታው፣ ተገቢው እርምጃ ተወስዶ። ሙላት ቢሰማው የማይሳሳትበትን ቃል መረጥኩ።

«የለም» አልኳት። «ቦታውን ባዶ ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አያ ዋሴ አላጠፉም።»

ስልኩን አልዘጋችውም። አያ ዋሴ እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጭው» አሉኝ። ጆሯቸው ላይ አድርገው «ዘርፌ፣ እኔ ነኝ» አሉ። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም። እሳቸው ግን በትራቸውን ይዘው ወደ ተዳፋቱ መውረድ ጀመሩ፣ እኔም ተከተልኳቸው። የመጀመሪያው ክምር ላይ ቆሙና «የአባትሽ አለ» አሏት። ወደሚቀጥለው ሄዱ። «የአክስትሽ የማሬ አለ። ይኸ ደግሞ የቀጥቃጩ የአለሙ ነው፣ አለ።» እንዲህ እያሉ አንድ በአንድ፣ ስም በስም ሲጠሩ የሕጉን ወረቀት ገለበጥኩትና ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ከላይ «የባለይዞታ ስም» አልኩ፣ ከሥሩ ስሞቹን።